የግራው የውስጥ የፍሬን ሸራ ብቻ አለቀ፤ ራሴ ልቀይረው አስቤያለሁ (ራቭ ፎር፣ ደሴ)

የሆጤ ልጅ | ረቡዕ ማታ 2፡10

ሰላም ያጀማ። መኪናዋ ራቭ ፎር ናት፤ የ2004 ሥሪት፣ አውቶማቲክ። የቤት መኪና ናት። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከዚያ እኔን ይዛ ኮምቦልቻ ትወርዳለች።

ሰሞኑን ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከፊት በግራ በኩል ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ጀመረች። ፍሬን ስነካ ይብሳል። ጎማውን ፈትቼ አየሁት። የግራው የውስጥ ሸራ ብረቱ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። የውጪው ግን ግማሹ አለ። በቀኝ በኩል ሁለቱም እኩል ነው የተበሉት፤ እነሱም ቢሆኑ ብዙ ዕድሜ የላቸውም።

አንድ ጋራዥ ጠየቅኩ። «ሸራ ገዝተህ ና፣ ቶሎ ቀይረን እንሸኝሃለን» አሉኝ። አንዱ ብቻ ለምን አለቀ ስላቸው «ሸራው ፎርጅድ ሆኖ ነው» አሉ። አልተዋጠልኝም። አራቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው።

ክሪክና የቁልፍ ስብስብ አለኝ፣ ሞርሳ ከጎረቤት አገኛለሁ። የሞተር ዘይትና ጎማ መቀየር ለምጃለሁ፤ ፍሬን ግን ነክቼ አላውቅም። የሠራችሁት ካላችሁ ምን ላይ ልጠንቀቅ? ደግሞስ አንዱ ብቻ የሚያልቀው ለምንድን ነው?


ቦርከና ዳር | ረቡዕ ማታ 2፡25

በዚያ ሸራ ነው ሐረጎን የምትወርደው? ወላሂ መጀመሪያ መኪናዋን አቁማት። እስክትሠራ ድረስ በሚኒባስ ተመላለስ። ከዚያ እናወራለን።


የሆጤ ልጅ | ረቡዕ ማታ 2፡31

ቆማለች፣ ግቢ ውስጥ ናት። አብሽር።


ባለ ቪታራ | ረቡዕ ማታ 2፡50

ቀላል ሥራ ነው፤ ምንም አያስፈራም። ሁለት ቡሎን ትፈታለህ፣ አሮጌውን ታወጣለህ፣ አዲሱን ትከታለህ፣ አለቀ። ቀኙ ገና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የግራውን ብቻ ቀይር። የዛሬን የመለዋወጫ ዋጋ ታውቀው የለ?


ጋሽ ካቻቢቴ | ረቡዕ ማታ 3፡40

ባለ ቪታራ ወንድሜ፣ አንዱን ጎን ብቻ ቀይር ብለህ አትምከር። ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ የፊት ከሆነ የግራም የቀኝም፣ አራቱም። በአንዱ በኩል አዲስ፣ በሌላው ያለቀ ካለ ፍሬኑ እኩል አይዝም። ደረቅ ሜዳ ላይ ላይታወቅህ ይችላል። ክረምት ላይ ሐረጎ ጭጋግ ውስጥ ድንገት ስትረግጥ ግን መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።

ወደ ጠያቂው ልጅ ልምጣ። «ለምን አንዱ ብቻ?» ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው ሸራ የሚያስቀይረው። ያንተ መኪና የፊት ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስቶኑ በውስጥ በኩል ነው። ፍሬን ስትረግጥ ዘይቱ ፒስቶኑን ይገፋዋል፣ ፒስቶኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ያስጠጋዋል። የውጪውን ሸራ የሚስበው ግን ካሊፐሩ ራሱ ነው። ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ፒኑ ሲደርቅ ወይም ሲዝግ ካሊፐሩ ባለበት ይያዛል። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ የውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል። እግርህን ካነሳህ በኋላም ሸራው ዲስኩን አይለቅም፤ እየታሸ ይሄዳል።

ስለዚህ ምልክቱን እንዲህ አንብበው። በአንድ ጎማ ላይ የውስጡ ብቻ ካለቀ መጀመሪያ ፒኖቹን ጠርጥር። የአንድ ጎማ የውስጡም የውጪውም ከሌላው ጎማ ቀድመው ካለቁ ግን ፒስቶኑ አልመለስ ብሏል፣ ወይም የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አላሳልፍ ብሏል። ያንተ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ፒኑን ሳትነካ አዲስ ሸራ ብትከት እሱም እንደዚያው ያልቃል። ጋራዥ ያሉትን ልጆች አልወቅስም። ሸራ መቀየር ያውቃሉ። ፒን አውጥቶ ማጽዳት ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ደንበኛውም ለዚያ ልክፈል አይልም። ስለዚህ ይዘለላል።

ቤትህ መሥራት ትችላለህ። ግን ሥራው «አለቀ» እንደሚባለው አይደለም። ነገ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።


የሆጤ ልጅ | ረቡዕ ማታ 3፡52

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ነው የምሠራው፤ እስከዚያ የሚሉኝን ሁሉ አነባለሁ።


እሙ መንታ | ሐሙስ ጠዋት 1፡20

እኔ የቀየርኩት የባለቤቴን ቱሳን ነው፤ እሱ መሣሪያ አቀባይ ነበር (ያነበዋል፣ ይሳቅ)። ስለ ክሪክ አንድ ነገር ልበል፤ ወንዶቹ ይህን ክፍል ሁሌ ይዘሉታል።

ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ግቢህ ዘንበል የሚል ከሆነ እዚያ አትሥራ፤ ሜዳ ያለው ዘመድ ቤት ውሰዳት። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርግ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዝ። ዳዶዎቹን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ትንሽ ላላ አድርጋቸው። ከዚያ ነው ክሪክ። ክሪኩ ለማንሳት ነው፤ ለመደገፍ አይደለም። የብረት ካቫሌቶ (መደገፊያ) ከጎሚስታ ወይም ከጋራዥ ተውሰህ ከሥር አቁም። ብሎኬት እንዳትጠቀም፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። የፈታኸውን ጎማ ደግሞ ከመኪናዋ ሥር አጋድመው።

ልጆቹንም ከግቢ አርቃቸው። የኔዎቹ ዳዶ ይዘው ሲሮጡ አንዱን ከቆሻሻ ውስጥ ነው ያገኘነው።


ጋሽ ካቻቢቴ | ሐሙስ ማታ 2፡05

እሙ መንታ ያለችውን እንደ እኔ ቃል ቁጠረው። አሁን ሥራውን እነግርሃለሁ።

ሸራ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ጻፍ። አንድ ዓይነት ራቭ ፎር የሚመስሉ መኪኖች የተለያየ ሸራ ሊኖራቸው ይችላል። ባለ ሱቁ «ይሄ ይሆናል» ቢልህም ጎን ለጎን አድርገህ አስተያይ፤ ጆሮዎቹ፣ ርዝመቱ፣ ሲያልቅ ሲጥ የሚለው ትንሽ ላሜራ ያለበት ቦታ ሳይቀር። ላሜራው ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካ እንዲጮህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ያንተም ድምፅ የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሸራዎች ጠርዛቸው ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲግል የሚይዝበትን አቅም ያሳያል። ኢ ከሆነ የመያዝ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፤ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፤ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ሐረጎን ለሚወርድ ሰው ሁለተኛው ፊደል ነው ዋናው። ፊደሉ ስላለ ብቻ ግን ሸራው ኦሪጅናል ነው አትበል፤ ፎርጅድ የሚሠራውም ማተም ያውቃል። በጥፍርህ ስትፍቀው የሚፈረፈር ወይም ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ጠርዝ ክፍተት ያለው ከሆነ መልስለት።

የሥራው ቀን መሪውን ቡሎኖቹ ወዳንተ እንዲመጡ አዙረው። አንዱን ጎን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ሁለቱንም አንድ ላይ አትበትን፤ ግራ ሲገባህ ሌላኛውን የምታየው ያልተነካ ሲኖር ነው። ስልክህ ካሜራ አለው፤ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ።

ካሊፐሩን ስትፈታ በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። በሽቦ ከስፕሪንጉ ጋር እሰረው። ቱቦው ከውጪ ደህና ቢመስልም ከውስጥ ከተቀደደ ሌላ ጣጣ ነው።

ፒኖቹን አውጣ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ጫፉ ላይ ጎማ ይኖረዋል። የላዩንና የታቹን አትቀያይር። በጨርቅ ጥረጋቸው። የገቡበትን ቀዳዳም አጽዳ። ቀለል ያለ ዝገት ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ የተበላ ወይም የቆሰለ ከሆነ ፒኑን ቀይር። ጎሚኒው (ፒኑን የሚሸፍነው ጎማ) ከተቀደደ እሱንም ቀይር፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ዲስኩን እየው። የመጨረሻው ቀጭን ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ እላዩ ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ካሊብሮ (ውፍረት መለኪያ) ከሌለህ ቶርኖ ቤት ሂድ፣ ይለኩልሃል። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር፣ ስንጥቅ ወይም ሰማያዊ ምልክት ካለው ሸራ ብቻ መቀየር አይበቃም።

ፒስቶኑን በሞርሳ ወደ ውስጥ ስትመልስ አሮጌውን ሸራ መሃል አድርግ፣ ቀስ ብለህ ግፋ። ከዚያ በፊት ኮፈኑን ክፈትና የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ እይ። ሸራ ሲያልቅ ዘይቱ ዝቅ ይላል። አንድ ሰው ጎደለ ብሎ ሞልቶት ከሆነ ፒስቶኑን ስትገፋ ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠበው።

አቧራውን ደግሞ በአፍህም በኮምፕሬሰርም አትንፋ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ለሳንባ መጥፎ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ሁሉም ከገባ በኋላ፣ መኪናዋን ሳታንቀሳቅስ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ርገጥ። ይህን ረስተህ ማርሽ ብታስገባ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ቤቱ ሲሠራ የዋለ ሰው ግንብ የሚገጨው እዚህ ላይ ነው።


ባለ ቪታራ | ሐሙስ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ ፒኑን በተራ ግራሶ ብንቀባውስ? ለመጋጠሚያ የምንቀባው ቢጫው ግራሶ ቤት ሞልቷል።


ጋሽ ካቻቢቴ | ሐሙስ ማታ 2፡41

አይሆንም። ተራው ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒኑን ይይዘዋል። መጀመሪያ የነበረውን ችግር በገዛ እጅህ ትመልሰዋለህ። ለፍሬን ተብሎ የሚሸጥ የሲሊኮን ግራሶ አለ። ትንሽ ነው የምትቀባው፣ ፒኑ ላይ ብቻ። ሸራው ፊት ላይና ዲስኩ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ።


የፊዚክስ መምህር | ሐሙስ ማታ 3፡15

ሐረጎ ሸራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ላስላላችሁ፤ ልማዴ ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ልዩነቱ በግምት 600 ሜትር ነው። ሰው የጫነ ራቭ ፎር 1,500 ኪሎ ነው እንበል። 1,500 በ9.8፣ ያንን በ600 ስታባዙት 8.8 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስደዋል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ያግለዋል።

ምን ያህል እንደሆነ እንዲታያችሁ፣ 25 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከበቂ በላይ ነው። (ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።) በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ይህን ሙቀት በዲስክና በሸራ ላይ ነው የሚያፈሰው።

ችግሩ ሸራ ማለቁ ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መለኪያው 140 ላይ ይወርዳል። ዶት 4 በአዲስነቱ 230፣ ውሃ ሲስብ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ እንፋሎቱን ትጨምቃላችሁ እንጂ ፒስቶኑን አትገፉም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ምንም ያልተበጠሰበት ነው።


የባቲ መንገድ ሹፌር | ዓርብ ጠዋት 12፡50

መምህር በቁጥር ያሉትን እኛ በእግራችን እናውቀዋለን። በወጣህበት ማርሽ ነው የምትወርደው። ሐረጎን በሁለተኛ ከወጣህ በሁለተኛ ውረድ። ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ። ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፣ ፍጥነቷ ሲቀንስ ልቀቅ፣ ትንፋሽ ስጠው።

አውቶማቲክ ስለሆነችም አታመካኝ። ኦቨርድራይቩን (ከፍተኛውን ማርሽ) አጥፋው፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ ከዲ ወደ 2 አውርዳት።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ደግሞ ወዲያው ላቫጆ አትግባ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያስደፉ ሁሌ አያለሁ። ዲስኩ ይጣመማል፣ ከዚያ ፍሬን ሲረግጡ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ «ሸራው ነው» ይባላል።


ባለ ቪታራ | ዓርብ ጠዋት 2፡10

እኔ ግን ቁልቁለት ላይ ዜሮ ነው የማደርገው። ነዳጅ ወረፋውን እያያችሁ ነው?


የፊዚክስ መምህር | ዓርብ 6፡30

መኪናህ ኢንጄክሽን ከሆነች ነዳጅ አላዳንክም። ማርሽ ላይ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ፣ ሞተሩን ጎማው እያዞረው ስለሆነ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቆርጠዋል። ዜሮ ስታደርግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት አለበት። ስለዚህ በማርሽ መውረድ ነዳጅም ሸራም ያተርፍልሃል።


የባቲ መንገድ ሹፌር | ዓርብ 6፡44

ዜሮ አድርጎ የሚወርድን ሰው ከኋላው ሆኜ ነው የማየው። በዚያ ሰዓት ስለ ነዳጅ አላስብም።


የሆጤ ልጅ | ቅዳሜ 9፡30

ከፈታሁት ነው የምጽፍላችሁ፤ እጄ ጥቁር ነው። ሜዳ ግቢ ያለው አጎቴ ቤት ነኝ።

ጋሽ ካቻቢቴ፣ አንቱ እንዳሉት ነው። የታቹ ፒን በጣት ይወጣል። የላዩ ግን በቁልፍ ካላዞሩት አይነቃነቅም። ጎሚኒው በአንድ ጎኑ ተቀድዷል፤ ከውስጥ ቡናማ ጭቃ ወጣ። ፒኑ መሃሉ ላይ ተበልቷል። ቀኝ በኩልም ፈትቼ አየሁ፣ ሁለቱም ፒን ደህና ናቸው፤ ግራሷቸው ብቻ ደርቋል።

የፒኑንና የጎሚኒውን ጥቅል ደሴ ፈልጌ አጣሁ። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ አንድ መለዋወጫ ሱቅ አግኝቶ እያመጣው ነው። የሲሊኮን ግራሶም አብሮ ገዝቷል።

አሁን ያልገባኝ፦ አዲሱ ሸራ መቀመጫው ላይ አልገባ አለኝ። ቅርጹ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። በመዶሻ መታ መታ ላድርገው?


እሙ መንታ | ቅዳሜ 9፡38

መዶሻውን አስቀምጥ። ሸራው የሚቀመጥበት ቀጭን የላሜራ ክሊፕ አለ አይደል? እሱን አውጣና ከሥሩ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። ዝገቱ አብጦ ክሊፑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የኔም እዚያው ላይ ነው ያስቸገረኝ። ከአዲሱ ሸራ ጋር አዲስ ክሊፕ ከመጣ አዲሱን ተጠቀም።


ጋሽ ካቻቢቴ | ቅዳሜ 9፡55

ልክ ናት። ሸራው በእጅ ገብቶ በእጅ መንሸራተት አለበት። በመዶሻ የገባ ሸራ አይመለስም፤ እንደገና ዲስኩን ይዞ ይቀራል።

ፒስቶኑን ስትመልስ የሚሰማህን ንገረኝ። እኩል እየተገፋ ከገባ ደህና ነው። እየተንገጫገጨ ከገባ፣ ወይም አቧራ መከላከያ ጎማው ተቀዶ ዙሪያው እርጥብ ከሆነ፣ እዚያ ላይ አቁምና ወደ ጋራዥ ውሰዳት። ፒስቶን አውጥቶ ጎሚኒ መቀየር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ሥራ አይደለም። ዘይት ይፈሳል፣ አየር ይገባል።


የሆጤ ልጅ | ቅዳሜ 10፡20

ፒስቶኑ ጸጥ ብሎ ገባ፣ ዙሪያው ደረቅ ነው። ዘይቱ ግን ማጠራቀሚያው አፉ ድረስ መጣ፤ በመርፌ ቀዳሁለት። ቀለሙ ሻይ መስሏል። ይቀየር ትላላችሁ?


ጋሽ ካቻቢቴ | ቅዳሜ 10፡34

ይቀየር። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ አንተ ደግሞ ሐረጎ ላይ ነህ። ይህን ግን ከረዳት ጋር ወይም ጋራዥ አሠራው። ከሩቁ ጎማ ጀምሮ አሮጌው ዘይት እየወጣ አዲሱ ይተካል፣ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው ቆሞ ይሞላል።

የዘይቱ ዓይነት ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ዶት 3 ካለ ዶት 4 ብትጠቀም ችግር የለውም፣ ይቀላቀላሉ። ዶት 5 የሚለውን አትንካ፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይሄድም። ዶት 5.1 ከተባለ ግን ከዶት 4 ወገን ነው። ቁጥሩ ተቀራርቦ ሰው ያሳስታል። የተከፈተ ጠርሙስም አትግዛ።


ባለ ኤሌክትሪክ | ቅዳሜ ማታ 1፡15

በመሃል ልግባ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ መኪና ማስገባት ስለታገደ እኔ የገዛሁት የቻይና ኤሌክትሪክ ነው፤ ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና። ሻጩ «ሸራ መቀየር እርሳው» ብሎኝ ነበር። እውነት ነው?


የፊዚክስ መምህር | ቅዳሜ ማታ 1፡40

ግማሽ እውነት ነው። እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መኪናውን ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሸራው ብዙ ጊዜ ይቆያል። ግን ደሴ ላይ ባትሪውን 100 ሞልተህ ሐረጎን ብትጀምር የሚመነጨው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ቦታ የለም። መኪናው ያንን አሠራር ይቀንሰዋል፣ ሸክሙም ወደ ሸራው ይመለሳል። ከላይ የሰላሁት ጉልበት ለከባዱ መኪናህ ቢሰላ እንኳ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 90 በመቶ ላይ ሞልተህ ብትነሳ በቂ ቦታ ይኖርሃል።


ጋሽ ካቻቢቴ | ቅዳሜ ማታ 2፡00

ሸራው አላለቀም ማለት አይፈተሽም ማለት አይደለም። ፍሬኑ ብዙ ስለማይሠራ ፒኑም ዲስኩም ቁጭ ብለው ይዝጋሉ። በዓመት አንዴ አስፈትሽ። የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የኋላውን ፒስቶን በሞርሳ አትግፋ፤ መጀመሪያ በኮምፒውተር ወይም በመኪናው መመሪያ መሠረት ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። አለዚያ የእጅ ፍሬኑን ሞተር ትሰብረዋለህ።


የሆጤ ልጅ | እሑድ 7፡10

ተገጠመ። ፒንና ጎሚኒ በግራ በኩል አዲስ፣ በቀኝ ጸድቶ ተቀብቷል። ሸራ አራቱም አዲስ። ዳዶዎቹን በመስቀል አጠበቅኩ፤ ጎሚስታው ጋ ባለ ልክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) አግኝቼ 103 ኒውተን ሜትር ላይ አስያዝኩ፣ የቶዮታው መጽሐፍ እንደዚያ ነው የሚለው። ፔዳሉን ረግጬ ረግጬ ጠነከረ። አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ?


የባቲ መንገድ ሹፌር | እሑድ 7፡18

በአዲስ ሸራ ወደ ሐረጎ? በፍጹም። ወደ ሀይቅ መንገድ ውጣ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ አለማምዳት።


ጋሽ ካቻቢቴ | እሑድ 7፡30

ሹፌሩ እውነቱን ነው። ሸራና ዲስክ እስኪተዋወቁ አይያዙም። ከኋላህ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ ወደ 50 ወይም 60 ፍጥነት ውጣ፣ ጠበቅ አድርገህ ርገጥና ወደ 10 አካባቢ ስትወርድ ልቀቅ። ሙሉ በሙሉ አትቁም። ትንሽ ንዳ፣ ይቀዝቅዝ፣ ድገመው። አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ትንሽ የመቃጠል ሽታ ቢመጣ አትደንግጥ። ጨርሰህ ስትመለስ የጋለውን ፍሬን ረግጠህ አትቁም።

ቤት ስትደርስ ዲስኩን ሳትነካ እጅህን ከጎማው ጠርዝ አጠገብ አቅርበህ የግራውንና የቀኙን ሙቀት አነጻጽር። ግራው በጣም ከበለጠ ፒኑ ገና አልተላቀቀም።


የሆጤ ልጅ | እሑድ 11፡45

ከቦሩ ሜዳ ተመለስኩ። ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ወደ ጎን አትስብም። የሁለቱም ሙቀት አንድ ነው። ዳዶዎቹን ደግሜ አየኋቸው፣ አልላሉም። ዘይቱ ማክሰኞ ይቀየራል፤ እስከዚያ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ነው የምሄደው።

ጋሼ፣ የኋላውስ? ታምቡር ነው።


ጋሽ ካቻቢቴ | እሑድ ማታ 12፡20

ታምቡሩ ሌላ ሥራ ነው፤ ስፕሪንጉ ብዙ ነው፣ ለብቻው እንነጋገርበታለን። ለአሁኑ የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክረው። ከያዘ ቆይ። አዲሱን የፊት ሸራ ደግሞ ጎማ ባስፈታህ ቁጥር በሁለቱም በኩል የውስጡንም የውጪውንም እየው። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቀይር፤ ሲጥ እስኪል አትጠብቅ።


ባለ ቪታራ | እሑድ ማታ 1፡05

የኔንም ዛሬ ፈትቼ አየኋት፤ በቀኝ በኩል የታቹ ፒን አይወጣም። የሆጤው ልጅ፣ ሞርሳውና የሲሊኮን ግራሶው ተርፎሃል?


የሆጤ ልጅ | እሑድ ማታ 1፡12

ግራሶው ተርፏል። ሞርሳው የጎረቤት ነው፤ ነገ ጠይቄ እደውልልሃለሁ። ካቫሌቶውን ግን አንተ ፈልግ።